ስደተኛና ተቀባዩ በቡለንና በአሶሳ ምድር

በአገራችን የቆየ ልማድ መንገደኛ በመሸበት ጊዜ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም እግሩን ያጥብለታል፤ ካለው ያቀምሰዋል፤ መኝታም ያሳየዋል። ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነም የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት በየቤቱና በየዘመኑ ሳይጓደል ተፈጽሟል ለማለት አንደፍርም። ዳሩ ግን የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል፤ እንጀራው ይቀድማል፥ ጥያቄው ይከተላል።

በዛሬው ዘመን መከራ የሚያፈናቅለው ሕዝብ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ መንገደኛ አይደለም፤ በሺህና በአሥር ሺህ የሚቆጠር ነው። የሚቀበለውም አንድ አባወራ ሳይሆን መንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ነው። መንግሥት ደግሞ በመዝገብና በወረቀት የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ጥያቄው እንጀራውን ሊቀድመው ይችላል። የየት አገር ዜጋ ነህ? መታወቂያህ የት አለ? በሕግ ገባህ ወይስ ያለ ሕግ? እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ረሀብ ወይም ጦርነት ከቤቱ ያወጣው ሰው እርዳታ የሚያገኘው በሰውነቱ ነውን፥ ወይስ በወረቀቱ? ለመልሱም ሩቅ አንሄድም፤ በመተከል ውስጥ ቡለንን፥ ከዓባይ ማዶም የአሶሳን ምድር እንመለከታለን።

ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። በምሥራቁ ድባጤ፥ በምዕራቡ ወንበራ ያዋስኑታል፤ በደቡቡም ዓባይ ከካማሺ ዞን ይለየዋል። ሕዝቡ ልዩ ልዩ ነው። ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ በቆላው የኖሩ፥ መሬቱን እያሳረፉና ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወሩ የሚያርሱ፥ ኑሮአቸውንም በአደንና በማር ቆረጣ የሚደጉሙ ናቸው። ራሳቸውን ቦሮ ብለው የሚጠሩት ሺናሾች ቋንቋቸው በሩቅ ደቡብ ምዕራብ ከሚነገረው ከካፋ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል፤ ይህም ዝምድና የረዥም ጉዞ ምስክር ነው። ኦሮሞዎች ከደቡብ ዓባይን ተሻግረው፥ አገዎችና አማሮችም ከደጋው ወርደው ገብተዋል። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው በአንድ ዘመን እንግዳ ነበር፤ ልዩነቱ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መምጣቱ ነው ለማለት ይቻላል።

እንግዳው ከነባሩ ጋር የሚኖርበትን መንገድ የአገሩ ሰው ራሱ አበጅቶለት ነበር። የታሪክ ምሁሩ ጸጋ እንዳለው ስለ መተከል ባደረገው ጥናት ሉባ ባሳና ሐርመ ሆዳ የተባሉትን ሁለት ሥርዓቶች ገልጾልናል። በሉባ ባሳ ከኦሮሞ ያልተወለደው ሰው እንደ ወገን ተቈጥሮ ይገባል፤ ሐርመ ሆዳ ደግሞ ትርጓሜው ጡት መጥባት ሲሆን፥ በዚህ ሥርዓት የሥጋ ዝምድና በሌላቸው ሰዎች መካከል የወላጅና የልጅ ቃል ኪዳን ይጸናል። ከእነዚህም ሌላ በኦሮምኛ ወዳጅ የሚል ትርጓሜ ያለው ሚቹ የተባለ ልማድ አለ። አዲስ የመጣው ሰው ከጉሙዝ ጋር በሚቹ ከተሳሰረ ጥበቃና የእርሻ መሬት ያገኛል፤ በፈንታውም ወዳጁን በችግሩ ጊዜ የመርዳት ግዴታ ይገባበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይታያል፤ እንግዳው ማዕረግ ስላለው አልተቀበሉትም፤ ስለ ተቀበሉት ግን ማዕረግ አገኘ።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ከልክ በላይ ልናሳምረው አይገባም። ጉሙዞች በቀድሞው ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ብዙ መከራ የደረሰባቸው ሕዝብ ናቸው። ከደጋ የሚወርደውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ቢመለከቱ ምክንያት የሌለው ጥርጣሬ አልነበረም። ስለ ስደተኛ መብት የሚጽፍ ሰው የተቀባዩንም ቁስል ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ግማሹን ታሪክ ብቻ ይናገራል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ታላቅ ፍልሰት በሰው ፈቃድ ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ የሆነ ነው። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፥ በትግራይና በሌላውም አገር ብርቱ ረሀብ በገባ ጊዜ፥ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከውጭ የሚመጣውን እህል ያከፋፍል ነበር። የደርግ መንግሥትም ከተራቡት አገሮች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ከዚህም ውስጥ 80 ሺህ ያህሉ በመተከል በበለስ ሸለቆ በፓዌ ሰፈረ። የመጡትም ከወሎ ብቻ ሳይሆን ከሸዋ፥ ከከምባታና ከሐዲያም ጭምር ነበር። በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ የተሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክትም በዚያው ስፍራ ተቋቁሞ ሜዳውን በትራክተር አረሰ፤ የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅም ቆመ።

በዚህ የሰፈራ ሥራ የብዙ ሰው ነፍስ እንደ ተረፈ ሁሉ፥ ሁለት ብርቱ ጉድለቶች ታይተውበታል። የመጀመሪያው እርዳታው ቅድመ ሁኔታ የተጣለበት መሆኑ ነው። በአንዳንድ የመጠለያ ጣቢያ እህል የሚሰጠው ለሰፈራ ለተመዘገበ ብቻ እንደ ነበረ በዚያን ጊዜ የተሰበሰቡ ምስክርነቶች ያስረዳሉ። ረሀብተኛውም በእንጀራና በአገሩ መካከል እንዲመርጥ ተገደደ። ሁለተኛው ጉድለት የመሬቱ ነባር ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ጉሙዙ ለነገ ብሎ ያሳረፈው መሬት፥ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ዱር ባዶ ምድር ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። ከዚህም የተነሣ ለአንዱ እርዳታ የተባለው ነገር ለሌላው ጉዳት ሆነ፤ የሚቹን ልማድ ያጸና የነበረው መተማመንም ላላ። ቀድሞ እንግዳው ራሱ መጥቶ ይለምን ነበር፤ አሁን ግን መንግሥት አምጥቶ ተከለው። ስለዚህ ስለ ስደተኛው እርዳታ ስንናገር፥ ያው እርዳታ የተቀባዩን ማሳ የሚወስድ መሆን እንደሌለበት አብረን መናገር ይገባናል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱ በፌዴራል ሥርዓት ስትተዳደር የወረቀት ነገር ይበልጥ ከበደ። በ1995 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የክልሉ ሕገ መንግሥት የበርታ፥ የጉሙዝ፥ የሺናሻ፥ የማኦና የኮሞ ሕዝቦችን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ሲሰይም፥ ሌሎችም ነዋሪዎች መኖራቸውን ያውቃል። ይህ ድንጋጌ ለብዙ ዘመን የተረሱትን ሕዝቦች ለማክበር የታሰበ እንደ ሆነ አንክድም። ነገር ግን የወረዳ ሹም ይህን ባለቤትነት ከነዋሪነት በላይ አድርጎ የተረጐመው እንደ ሆነ፥ ኢትዮጵያዊው በኢትዮጵያ ምድር መጤ ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በያሶ ወረዳ ይኖሩ የነበሩ ብዙ አማሮች ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ተብለው ተባርረው ነበር፤ በኋላ የክልሉ መንግሥት ድርጊቱ ስሕተት እንደ ነበረ አምኖ እንዲመለሱ አደረገ። «ሕገ ወጥ» የሚለው ቃል በባዕድ አገር ሰው ላይ ብቻ የሚነገር የሚመስለው ሰው ይህን ያስታውስ።

በቡለን የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲነጋጋ የታጠቁ ሰዎች በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ላይ ተነሥተው ሕዝቡን ገደሉ፤ ቤቱንም አቃጠሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ ኋላም ቁጥሩ ከ200 በላይ መሆኑ ተነገረ። ከሞት የተረፈው ወደ ቡለን ከተማ ሸሸ፤ ከሌሎች የመተከል ወረዳዎች የተፈናቀለውም ሕዝብ ወደ ቻግኒ ሄዶ ራንች በሚባለው መጠለያ ተጠለለ። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ በመተከል ምክንያት የተፈናቀለው ሕዝብ ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር። ግፉም በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም፤ ጉሙዞችም ተገድለዋል፥ ከቀያቸውም ሸሽተዋል። ከእነዚህም በሺህ የሚቆጠሩት ድንበር ተሻግረው ብሉ ናይል ወደሚባለው የሱዳን ግዛት ገቡ።

እንግዲህ ቤቱ ከተቃጠለበት ሰው መታወቂያ መጠየቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ልብ እንበል። መታወቂያው ከሣጥኑ ጋር ነዷል፤ ሣጥኑም ከቤቱ ጋር። መታወቂያውን የጻፈው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከተዘጋ፥ ጸሐፊውም ራሱ ከሸሸ፥ ምስክር የሚሆነው ማን ነው? ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሕግ አለ። የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ ከተማ ያወጣውንና ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችውን ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የተደረገ ስምምነት ማለታችን ነው። ስምምነቱ ተፈናቃዮችን መመዝገብና ለኑሮአቸው የሚያስፈልጋቸውን ወረቀት መስጠት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል፤ ወረቀቱ ሳይሰጣቸው ቢቀርም ሰብአዊ መብታቸው በዚህ ምክንያት ከቶ ሊጓደል እንደማይገባ ይናገራል። በዚህ ሕግ ወረቀት መንግሥት የሚከፍለው ዕዳ ነው እንጂ ተፈናቃዩ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ አይደለም።

የራሳችን ሕገ መንግሥትም ከዚህ አይርቅም። በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋን እንዲከላከል፥ አደጋም ሲደርስ ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ እንዲያደርስ ያዝዛል። ቃሉ «ተጎጂ» ነው። ተጎጂው የክልሉ ባለቤት ይሁን፥ ወይም ከሌላ ክልል የመጣ፥ ወይም የባዕድ አገር ሰው፥ ሕጉ በዚያ ስፍራ አልለየም። ሕግ ያልለየውንም ሹም ሊለየው አይገባም።

ይህን ካልን ዘንድ ዓባይን ተሻግረን ወደ አሶሳ እንሂድ፤ በዚያ የሚመጣው እንግዳ የሌላ መንግሥት ዜጋ ነውና ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የበርታ ሕዝብ በኢትዮጵያም በሱዳንም የሚኖር ሲሆን፥ ኩርሙክም በሁለቱ ወገን ያለች የድንበር ከተማ ናት። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በበረታ ጊዜ በ1979 ዓ.ም. ኡዱክ የሚባሉት ሕዝብ መንደሮቻቸው ተቃጥለው ወደ አሶሳ መጡና በጾሬ ተጠለሉ። በ1982 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ በኢትዮጵያ ወገን ወደ አሶሳ በደረሰ ጊዜ መጠለያውን ትተው ዳግመኛ ተሰደዱ። ወደ ሱዳን ተመለሱ፤ ከዚያም ወደ ጋምቤላ ተሻገሩ፤ ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ በ1985 ዓ.ም. በጋምቤላ አጠገብ በቦንጋ አረፉ። የዚህን ሕዝብ መከራ እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብእ ምሁር ዌንዲ ጄምስ ለብዙ ዓመታት ተከታትላ ጽፋዋለች። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ከመካከላቸው ፓስፖርት የያዘ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው?

ከዚያም በኋላ የድንበሩ በር አልተዘጋም። የሸርቆሌ መጠለያ በ1989 ዓ.ም. ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በብሉ ናይል ግዛት አዲስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የቶንጎና የባምባሲ መጠለያዎች ተጨመሩ፤ ጾሬም እንደገና የስደተኛ ማረፊያ ሆነች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ደግሞ አዲስ ስደተኛ በመተማና በኩርሙክ በኩል ገባ።

ይህን ሁሉ ሕዝብ ለመቀበል የተቻለው በምን ሕግ ነው ቢሉ፥ መልሱ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ በተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ውስጥ ይገኛል። በ1943 ዓ.ም. በጄኔቫ የተደረገው ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፥ በሃይማኖቱ፥ በፖለቲካ አሳቡ ወይም እነዚህን በመሰለ ምክንያት መሰደድን የሚፈራውን ሰው ነው፤ ፍርሃቱም አንድ በአንድ ይመረመራል። የአፍሪካው ስምምነት ግን ከዚህ አልፎ፥ በውጭ ወረራ ወይም የአገሩን ጸጥታ በብርቱ በሚያውክ ሁከት ምክንያት ከቤቱ የወጣውን ሁሉ ስደተኛ ይለዋል። በዚህም ምክንያት ከታወቀ የጦር ሜዳ የሚመጣው ሕዝብ በጅምላ ስደተኛነቱ ሊታወቅለት ይችላል፤ እያንዳንዱ ቀርቦ እስኪመረመር ድረስ በረሀብ አይጠብቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ይህንኑ አሠራር ይዟል። ያ የመንገደኛው ሥርዓት፥ እንጀራውን ማስቀደምና ጥያቄውን ማስከተል፥ በዚህ ሕግ ውስጥ ዳግመኛ ተጽፎ እናገኘዋለን።

ይህ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ብድርም ነው። በ1977ቱ ረሀብ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከትግራይ በእግሩ ተጉዞ ሱዳን ገባ። ከጄኔቫው ስምምነት ጋር ቢመዘን ረሀብ ብቻውን ስደተኛ አያሰኝም ነበር፤ ሱዳን ግን ራሷ በድርቅ ተመትታ ሳለ በሯን ከፈተች። በ2013 ዓ.ም. ከ60 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተከዜን ተሻግረው ገቡ፤ በ1977ቱ ዘመን ኢትዮጵያውያን የኖሩበት ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት የመተከል ጉሙዞች፥ ከላይ እንዳመለከትነው፥ ወደ ብሉ ናይል ሸሹ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የብሉ ናይል ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ መጣ። በአንድ ድንበር ላይ ተቀባዩ ስደተኛ፥ ስደተኛውም ተቀባይ ሆኖ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተለዋወጠ። ዛሬ በሌላው ደጅ ላይ የምናቆመውን ደንብ ነገ በእኛ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን።

ወደ ሩቅም ብንመለከት ይኸው ይገጥመናል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ሙት ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው አሳደጉ። የሙዚቃ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አንጻሩን ደግሞ በቤይሩት አየነው። በሊባኖስ በቤት ሥራ የሚያገለግሉ እኅቶቻችን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የተቈራኘ ነው፤ ከአሠሪያቸው የተለዩ እንደ ሆነ ሕጋዊነታቸው አብሮ ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. የአገሩ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ብዙዎቹ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ወደ ውጭ ተጣሉ፤ ሐምሌ 28 ቀንም ወደቡን ያጠፋው ፍንዳታ በዚያ ላይ ተጨመረ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የተመኘው ምን ነበር? ለእነርሱ እንጀራው ከጥያቄው እንዲቀድምላቸው አልነበረምን? በአሜሪካ እንኳ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ የገባውን ሰው ከብዙ የመንግሥት እርዳታ ሲከለክለው፥ በአደጋ ጊዜ በዓይነት የሚሰጠውን የአጭር ጊዜ እርዳታ ግን አልከለከለውም። በገንዘብ ነገር የጠበቀ መንግሥት እንኳ ጎርፍ የወሰደውን ሰው ከመመገብ በፊት ወረቀቱን እንዲያሳይ ለማዘዝ አልደፈረም።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንዱ «ያለ ወረቀት የሚሰጥ እህል ለአጭበርባሪ ይውላል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ምዝገባ ያስፈልጋል፤ በእህል መጋዘን ላይ የሚፈጸመውን ስርቆት የሚደግፍ የለም። እኛ የምንለው ምዝገባ ይቅር አይደለም፤ ምዝገባው ከመጀመሪያው ምግብ፥ ከመጀመሪያው ብርድ ልብስና ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ ይምጣ ነው። አጭበርባሪው የሚወስደው ጥቂት እህል ሊተካ ይችላል፤ ወረቀቱን ሲፈልግ የሞተው ሕፃን ግን አይተካም። ሁለተኛው መቃወሚያ «ነባሩ ራሱ ድኻ ሳለ ለመጤው ለምን ይሰጣል?» የሚለው ነው። ለዚህ የመተከል ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። ነባሩን ዘንግቶ መጤውን መርዳት ምን እንዳስከተለ በበለስ ሸለቆ አይተናል። ስለዚህ የውኃ ጉድጓዱ፥ የጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም አብሮ መሠራት አለበት። የተቀባዩ ድርሻ ሲታወቅ የስደተኛው መብት ይጸናል።

እንግዲህ ነገራችንን ስንጨርስ ለባለሥልጣኑ፥ ለመምህሩና ለተማሪው የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። ባለሥልጣኑ የእርዳታ መመሪያ ሲጽፍ «ማን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ከየትኛው መስመር ላይ እንዳስቀመጠው ይመልከት። መምህሩም የመተከልን ታሪክ ሲያስተምር የሚቹንና የሐርመ ሆዳን ነገር ከጦርነቱ ታሪክ ጋር አብሮ ያስተምር፤ ልጆቻችን በዚህ ምድር መገዳደል ብቻ እንደ ነበረ አድርገው እንዳያምኑ። ተማሪው ደግሞ የሰውን ልጅ ነባርና መጤ ብሎ ከመክፈሉ በፊት፥ የራሱ አያቶች በየትኛው ዘመን ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ መጡ ይጠይቅ። ቡለን ከተቃጠሉት ቤቶች በኋላም አገር ናት፤ ከተፈናቀለውም ሕዝብ ብዙው ወደ ቀዬው ተመልሶ ማረስ ጀምሯል። ጉሙዙም ሺናሻውም፥ አማራውም ኦሮሞውም አገዉም በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ምድር ናት። በዚያ ገበያ መተማመን እንዲመለስ፥ መከራ ያገኘው ሁሉ በመከራው ቀን ስሙ ሳይጠየቅ እንጀራ ያገኘበት ትዝታ ያስፈልጋል። ይህን ትዝታ መትከል የመንግሥትም የሕዝብም ሥራ ነው።